የጠጣሁት ጂኦግራፊ

ሰሞኑን አንድ ገጽ ለማንበብ አንድ ጠዋት አይበቃኝም። መነጽሬን አጠልቃለሁ፣ ወንበሬን ወደ ብርሃኑ አስጠጋለሁ፣ ሁለት መስመር እሄድና ሦስተኛው ላይ ስደርስ የመጀመሪያው የለም። ልፈልገው ስመለስ ሁለተኛው ይጠፋል። ዕድሜዬን ሁሉ የሰው ልጅ ጆሮ እየቆነጠጥኩ «ቀልብህን ሰብስብ» ስል የኖርኩ፣ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝና ይህን ነገር ከቤተሰቤ ደብቄዋለሁ። አልፎ አልፎ ገጽ መግለጥ ብቻ ነው። ገጽ የሚገልጥ ሽማግሌ አንባቢ ይመስላል።

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ሰዓዳ ልታጋልጠኝ ትንሽ ቀርቷት ነበር። ሰዓዳ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈታኝ ናት። ሐይቅ ከተማ ባለው ቤታችን በረንዳ ላይ፣ እሷ በአንድ ጫፍ እኔ በሌላው ጫፍ፣ ሁለታችንም መጽሐፍ ዘርግተን ሁለታችንም ሳናነብ ተቀምጠናል። የበልጉ ዝናብ ገና ማባራቱ ነው። ከሐይቁ በኩል የራሰ ደንገል ሽታ ይመጣል፤ ከአስፋልቱ በኩል ባጃጆቹ ይንጫጫሉ። ሰዓዳ ስልኳን ፊት ለፊቷ ልታቆመው ትሞክራለች፣ ስልኩ ይንሸራተታል። በመጨረሻ ተነስታ ወደ ጓዳ ገባችና ጠቆር ያለ፣ እጀታ ያለው ጣውላ ይዛ ተመለሰች። ስልኳን አስደግፋበት ተቀመጠች።

«እሱን ከየት አመጣሽው?» አልኳት።

«ከቁም ሣጥኑ ጀርባ። ሽንኩርት መክተፊያ ነው?»

«ሎህ ነው።»

«ሎህማ አውቃለሁ፣ ቁርአን ቤት ገብቼ የለ? ይሄ ግን በእንግሊዝኛ ነው የተጻፈበት።» አቧራውን በመዳፏ ልትጠርግ እጇን ስትዘረጋ እንደ ወጣት ከወንበሬ ተነሳሁ። ጉልበቴ ግን እንደ ሽማግሌ ተንቋቋ።

«አትንኪው። አይታጠብም።»

«ለምን?»

«ገና አልቀራሁትም።»

አየችኝ። የአያቷ ነገር ያበቃለት የመሰላት ይመስለኛል። ስለዚህ መንገር ግድ ሆነብኝ።

በሷ ዕድሜ ሳለሁ፣ ትንሽም አልፌያት፣ እኔም ተፈታኝ ነበርኩ። ያውም ለሁለተኛ ጊዜ። የመጀመሪያውን ፈተና የወደቅሁት በሚገባ ነው፤ ለጥቂት የሳትኩት ነገር አልነበረም። ቤተሰቦቼ አምባሰል ተራራ ሥር፣ ከውጫሌ በእግር በሚደረስ መንደር የሚኖሩ ገበሬዎች ናቸው። አባቴ ወገቡ ከድቶት ነበር። ሞፈር ሲጨብጥ ፊቱ ይጠቁራል። ዓመቱ ሲጀምር አስቀምጦ አነጋገረኝ።

«ይማሜ፣ እኔ ደክሞኛል። ዘንድሮን ልጠብቅህ። ካለፍክ ሥራ ትይዝና በደሞዝህ የሚያርስ ሰው እንቀጥራለን። ካላለፍክ ግን ሞፈሩ ያንተ ነው፤ ከዚህ ወዲያ ወገቤ አይጠብቅም።»

ፍትሐዊ ነበር። ችግሩ፣ እኔ ይዤው የሄድኩት በሬ ሁሉ ወደ ጎረቤት ማሳ ነው የሚገባው። በሬዎቹ ራሳቸው ማለፌን በዱዓ ሳይለምኑልኝ አይቀሩም።

ሐይቅ ከተማ ከካሳዬ ጋር አንድ ክፍል ተከራይተን ነበር የምንማረው። ካሳዬ የአምባሰል ልጅ ነው፤ ቀለም ትምህርት ቤት ከመግባቱ በፊት እስጢፋኖስ ገዳም ቄስ ትምህርት ተምሯል። ሲያጠና ቆሞ፣ ክፍሏን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ እየተመላለሰ፣ ኬሚስትሪውን እንደ ዳዊት ያዜመዋል። እኔ እሱን ስሰማ ዜማው ውስጥ እገባና ኬሚስትሪው ይቀራል። ስለዚህ መጽሐፌን ይዤ ወደ ሐይቁ ዳር እሄዳለሁ። እዚያ ደግሞ ታንኳ አለ። ታንኳው ከዳር ሲነሳ ዓይኔ አብሮት ይሳፈራል፣ ማዶ ይደርሳል፣ ቆሮሶ ዓሣ ተጠብሶ ሲበላ ያያል፣ ተመልሶ ይመጣል። መጽሐፉ እዚያው ገጽ ላይ ይጠብቀኛል። አመሻሹ ላይ ደክሞኝ እመለሳለሁ፤ በእውነት ይደክመኛል። ምንም ሳይሠሩ የሚመጣ ድካም ከማረስም ይብሳል።

መላ ያልነው ሁሉ ተሞክሯል። እግርን በቀዝቃዛ ውሃ መዘፍዘፍ እንቅልፍ ያባርራል፣ ልብም ይሰበስባል ተባልን፤ እኔ የሰበሰብኩት ጉንፋን ነው። ጫት ቀልብ ያመጣል ያሉን ልጆች ነበሩ። አንድ ከሰዓት በኋላ ቅጠላችንን ይዘን ተቀመጥን። እውነትም ቀልቤ መጣ፣ መጥቶም እንደ ዝንብ አንድ ቦታ ላይ አረፈ። በቀይና በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ በማስመሪያ፣ የጥናት ፕሮግራም ስሠራ ዋልኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ያማረ ነገር ሠርቼ አላውቅም። ግድግዳው ላይ ለጠፍነው። ካሳዬ ወደ ኋላ ፈቀቅ ብሎ አየውና፣

«ይሄ ያልፋል፤ አንተ ግን እንጃ» አለኝ።

ፈተናው ሲቃረብ ትምህርት ቤት ተዘጋና ወደየቤታችን ሄድን። በጭነት መኪና፣ በጨው ጆንያ ላይ ተቀምጬ ውጫሌ ደረስኩ። ከዚያ በእግር፣ በጭቃ። በለሱ ገና አበባ ላይ ነው፤ ማሳው ጨቅይቶ እንደ ቂጣ ሊጥ ጫማ ላይ ይጣበቃል። ቤት ስደርስ እናቴ ፊቴን አየችና ሰላምታውን ገታ አደረገችው።

«ምነው ልጄ፣ ጠወለግህ?»

«ቀልቤ አልሰበሰብ አለኝ፣ እማ። አነባለሁ፣ አይገባም።»

«የት ሆነህ ነው የምታነበው?»

«ሐይቁ ዳር።»

«ያዝኩት። ውሃው ነው። ቀልብህን ገፎታል።»

ለእናቴ ቀልብ ማለት ከሰው ላይ እንደ ኮፍያ ሊወድቅ የሚችል ነገር ነው። ድንጋጤ ይገፈዋል፣ ውሃ ይወስደዋል። መመለሻውም ይታወቃል፦ ሸህ በሎህ ላይ ቁርአን ይጽፋሉ፣ ጽሑፉ በንጹሕ ውሃ ይታጠባል፣ እጣቢውን ቀልቡ የጠፋው ሰው ይጠጣዋል። ሎህ ቁርአን ቤት ሕፃናት የሚማሩበት ጣውላ ነው። ቀለሙ ከጥላሸትና ከሙጫ ይበጠበጣል። ልጁ የተጻፈለትን ሲይዝ ታጥቦ ሌላ ይጻፍለታል። እኔም ፊደል ከመቁጠሬ በፊት ሸህ ኑሩ ዘንድ እንዲያ ነበር የቀራሁት፣ ማለትም በቃሌ እየወጣሁ የተማርኩት።

በማግስቱ ሸህ ኑሩ ዘንድ ሄድኩ። ከዋንዛው ሥር፣ አጎዛቸው ላይ ተቀምጠዋል። ጢማቸው ነጥቷል እንጂ ዓይናቸው ያው የድሮው ነው፤ የሰውን ስንፍና ከሩቅ ያነባል። ጉዳዬን ሰሙ። ሎሁን አምጥተው ይጽፉልኛል ስል ገብተው ያመጡት ያቺን የልጅነት ሎሄን ሆነ። እጀታዋ ላይ የጥርሴ ምልክት አለ። ስቀራ እበላት ነበር።

«ጥለኻት ሄድክ። እንካ፣ ጻፍባት» አሉኝ።

«እኔ? ምን ልጻፍ ሸሆቹ?»

«የምትፈተነውን ነዋ።»

«እሱ እኮ በእንግሊዝኛ ነው።»

«እንጨት ነው፤ አይከፋውም።»

ይህን ሲሉ በድንበር የተጣሉ ሁለት ገበሬዎች ሊዳኙ እየተጯጯሁ ደረሱ። ሸህ ኑሩ በእጃቸው ሂድ አሉኝ። የቀረውን ራሴ ጨረስኩት፤ ለመጨረስ መቼም ሰንፌ አላውቅም። የእናቴ ሐሳብና የሸሁ ቃል ጭንቅላቴ ውስጥ ተጋብተው አንድ ሆኑ፦ ጻፍ፣ እጠብ፣ ጠጣ።

ሥራዬን በጂኦግራፊ ጀመርኩ። ከመጽሐፉ ላይ እየቀዳሁ ሎሁን እሞላለሁ። ሲደርቅ በጣሳ ውሃ አጥባለሁ፣ ዓይኔን ጨፍኜ እጨልጣለሁ፣ ቢስሚላህ ብዬ ወደሚቀጥለው ምዕራፍ። የምጽፈውን አላነበውም፤ ሆዴ ሊያነበው ለምን እደክማለሁ? የአፍሪካን ወንዞች በአንድ ቀን ጨረስኳቸው። ኤስያ ሰፊ ስለሆነች አስቸገረችኝ። እናቴ የጥላሸቱን ጉዳይ በደስታ ይዛዋለች።

«አጃኢብ ነው፤ ድስቶቼ ከተሠሩ እንደዚህ ነጽተው አያውቁም» ትላለች።

አባቴ ወገቡን ይዞ በደጅ ሲያልፍ ቆም ይልና የጠቆረ አፌን ያያል። ያ አስተያየቱ ነበር የሚያስጨንቀኝ። እሱ የኔን ሥራ እየጠበቀ፣ እኔ የውሃውን ሥራ እየጠበቅሁ ነው።

ሆዴ መጮህ ሲጀምር ትምህርቱ እየሠረጸ ነው ብዬ ታገስኩ። ሲቆርጠኝ ግን ሸህ ኑሩ ዘንድ ሄድኩ።

«ምላስህን አሳየኝ» አሉ። አሳየሁ። «ምን ጠጣህ?»

«ጂኦግራፊ።»

«እስከ የት?»

«እስከ አውስትራሊያ።»

ጢማቸውን ያዝ አደረጉ። «ስለ አውስትራሊያ ምን ታውቃለህ?»

አሰብኩ። ከልቤ አሰብኩ። «ትመራለች» አልኳቸው።

ሸህ ኑሩ ሲስቁ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ድምፅ የለውም፤ ትከሻቸው ብቻ ይንቀጠቀጣል። ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«እኔ ጠጣ አልኩህ? ጻፍ ነው ያልኩህ። ልጅ ሆነህ ሳትቀራልኝ ሎህ አጥበህ ታውቃለህ?»

«ኧረ በአላህ። ማን ያስጠጋኛል።»

«ታዲያ? ያን ጊዜ ቀልብህ የት ነበር?»

ያን ጊዜ ቀልቤ እዚያው ነበር፣ ጣውላዋ ላይ። ሌላ የሚሄድበት አልነበረውም።

«ሂድና አንዷን ሎህ ጻፍ። ስትይዛት አምጣትና ቅራልኝ። ሳትቀራ ውሃ እንዳትነካት።»

«እንግሊዝኛውን እንዴት ያውቁታል?»

«እኔ አላውቀውም። አንተ ግን ማወቅ አለማወቅህን አውቃለሁ።»

መጀመሪያ ቀን ልሸውዳቸው ሞከርኩ። መሐል ላይ ሲጠፋብኝ በአፌ የመጣውን እንግሊዝኛ መሳይ ነገር አዥጎደጎድኩት፤ ሳላቋርጥ፣ ሳልንተባተብ። ሸህ ኑሩ ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«ማሻአላህ። ድገመው።»

ደገምኩት። የፈጠርኩትን ግን መልሼ አላገኘሁትምና ሌላ ፈጠርኩ።

«ቅድም እንደዚህ አላልክም» አሉ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። «ሂድ።»

ከዚያ ወዲያ አልሸወድኳቸውም፤ ጨዋነት ይዞኝ ሳይሆን ሐሰትን ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት አድርጎ መድገም ከማጥናት ስለሚከብድ ነው። ጠዋት ሎሄን እጽፋለሁ። ጣውላዋ ጠባብ ናት፤ መጽሐፍ ሙሉ አትሸከምም። ስለዚህ ከገጹ ውስጥ የትኛው ይግባ የትኛው ይቅር ብዬ ማሰብ ግድ ነው፤ ማሰብ ደግሞ እኔ ላይ ሳላስበው የመጣ ነገር ነው። ቀለሙ በላብ ይለቃልና ክርኔን አላስደግፍባትም፣ ተኝቼም አላያትም። አጥር ሥር ቀጥ ብዬ ተቀምጬ በሁለት እጄ እይዛታለሁ። ዓይኔ ወደ ተራራው ሲነሳ እጄ ውስጥ ክብደቷ ይሰማኛል፣ እመለሳለሁ። ቀልቤ መሄዱን አልተወም፤ ዛሬም አልተወም። የሚመለስበት ደጅ ብቻ ነው ያገኘው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ከዋንዛው ሥር አንድ ሰው ይጠብቀኛል። መጽሐፍ ቢያጠኑት ባያጠኑት ግድ የለውም። ሸህ ኑሩ ግን ካልሄድኩ ልጅ ይልኩብኛል።

የማሽላ ቂጣ በአሬራ እየበላሁ፣ አንዷን እያጠብኩ ሌላዋን እየጻፍኩ ከረምኩ። እጣቢውን የእናቴ ጎመን ጠጣው። ጎመኑ በጣም አማረበት፣ ያለፈው እሱ ነው እያልኩ እቀልድ ነበር። አባቴ አንድ ቀን ከአጥሩ ወዲያ ቆሞ ስቀራ ሰማኝ። አልገባውም። ግን መንገዱን ሲቀጥል ወገቡን የያዘበትን እጁን ለቀቅ አድርጎት ነበር።

የመጨረሻዋ ሎህ ስለ ተራራና ዝናብ ነበረች፦ ነፋስ ከውሃ ላይ እርጥበት ይዞ ይነሳል፣ ተራራ ሲገጥመው ይወጣል፣ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፣ ዝናቡን እዚሁ ያራግፋል። ከተራራው ማዶ ስላለው አገር የምትናገር አንዲት መስመር ነበረች። እሷ አልያዝ አለችኝ። ሁልጊዜ እዚያች ላይ ስደርስ እንደ አባቴ በሬ መንገድ እስታለሁ። መሄጃዬ ቀን ጠዋት በግማሽ ይዣት ሸህ ኑሩ ዘንድ ሄድኩ። ትኩሳት ይዟቸው ተኝተዋል። አይሰሙም፣ አይናገሩም። ሎሄን በፎጣ ጠቅልዬ በጭነት መኪና ተመለስኩ።

ካሳዬ ክፍላችን ውስጥ ፎጣውን ፈትቶ አያት።

«ሎህ ይዘህ ልትፈተን ነው? እንግዲያ እኔም ጸናጽሌን ላምጣ» አለ።

ፈተናው አለፈ። አዳራሹ ውስጥ አንድ ነገር ሲጠፋብኝ ዓይኔን እጨፍናለሁ። መጽሐፉ አይመጣልኝም፣ ጣውላዋ ትመጣለች፦ ይህ ከላይ በስተግራ፣ ያ ከእንጨቱ ቋር አጠገብ። ስለ ተራራው ማዶም ጥያቄ ነበር። ቢስሚላህ ብዬ ከምርጫዎቹ አንዱን አከበብኩ፤ ልክ ይሁን ስሕተት እስከ ዛሬ አላውቅም። ውጤቱ ሲመጣ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ አልነበረም፤ መምህራን ማሠልጠኛ ግን አስገባኝ። አባቴ ሰምቶ አልሐምዱሊላህ አለና ከደጃፉ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ፣ ቶሎም አልተነሳም። በመጀመሪያ ደሞዜ የሚያርስለት ሰው ቀጠርን። በሬዎቹም ከኔ ዳኑ።

ሎሄን ይዤ ሸህ ኑሩ ዘንድ የሄድኩት ከውጤቱ በኋላ ነው። ከሕመማቸው ተነስተዋል፤ ጆሮአቸውን ግን ትኩሳቱ ወስዶታል። ፊታቸው ተቀምጬ ጀመርኩ። አፌን ሲያዩ ቆዩና እጃቸውን አነሱ።

«ልፋ ብሎህ ነው። አንዳችም አይሰማኝ» አሉ፣ የራሳቸውም ድምፅ ስለማይሰማቸው ጮክ ብለው። «አብሽር። ሌላ ሰሚ ፈልግ። እስከዚያው እንዳታጥባት።»

አላጠብኳትም። ሰሚ ግን ማግኘት ቀላል አልሆነም። መምህር ሆኜ የሰው ልጅ ሁሉ ለኔ ሲቀራ ኖረ፤ ማታ ቤት ስገባ ጆሮዬ ሞልቶ አፌ ዝሎ ነው። ባለቤቴ አላህ ይዘንላትና፣ አንድ ጊዜ ልቅራልሽ ብላት፣ ዝናቡ ካባራ ልብሱን አስጣልኝ አለችኝ። ከዚያ ሎህዋ ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ገባች። እኔም ደከመኝ፣ ረሳኋት።

ታሪኩን ስጨርስ ሰዓዳ ስልኳን በፊቱ ደፋችው፣ ሎህዋን አነሳች፣ ጽሑፉን ወደ ራሷ አዙራ ጀርባውን ሰጠችኝ።

«በል ቅራ» አለችኝ።

ጀመርኩ። ነፋሱ ከውሃው ተነሳ፣ ተራራውን ወጣ፣ ቀዘቀዘ፣ ዘነበ። ከዚያ ቆምኩ። ወደ አምባሰል በኩል ቀና ብዬ ደመናውን ማየት ጀመርኩ።

«እዚያ አልተጻፈም፣ አባባ።»

የመጣልኝን አዥጎደጎድኩላት።

«ድገመው» አለች። ወላሂ፣ ይህን ክፍል ነግሬያት ነበር፤ ጥፋቱ የኔ ነው። ደገምኩት። «ቅድም እንደዚህ አላልክም። አልያዝከውም፤ አይታጠብም።» ከዚያ የራሷን መጽሐፍ ዘግታ ጭኔ ላይ አኖረችው። «አሁን ደግሞ አንተ ስማኝ።»

ከዚያን ቀን ወዲህ ዝናቡ ሲያባራ እንዲህ ነው የምንውለው። እሷ የማላውቀውን ፊዚክስ ትቀራልኛለች፣ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ የምትደናቀፍበትን እጠብቃለሁ፤ አንዳንዴም ሳልተኛ። ያን ያህል ሰዓት ስልኩ በፊቱ እንደተደፋ ይቆያል። ታልፋለች አታልፍም አላውቅም፤ እኔ የማውቀው ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት አድርጋ መድገም መጀመሯን ነው። ቀጥላ ሎህዋን ታነሳለች።

ከተራራው ማዶ ያለችውን መስመር ይዣታለሁ፤ ትናንት ወንበሬ ላይ ብቻዬን ሆኜ ሁለቴ አልኳት፣ አልሳትኩም። ሰዓዳ ፊት ስደርስ ግን እዚያው ላይ ተደናቀፍኩ። ጠርጥራኛለች መሰለኝ፣ ከሎህዋ ጫፍ ላይ በአንድ ዓይኗ አየችኝ። ይሁን። ከታጠበች በኋላ ማን ይሰማኛል?